ቢጫ ያልሆነው መስታወት

ኬሚስቱ ቀለም ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ ጣቶቹ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ሚስቱ አላለቀሰችም። ሬሳው ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ በመስኮቱ አሻግራ፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን መስታወቶች አንድ በአንድ ታይ ጀመር። አይ ሰው፣ ሲደነዝዝ እንዲህ ነው!

«ምን እየፈለጉ ነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«ቢጫ የሆነ ካለ ብዬ ነው። የለም፤ ሁሉም ቡናማ ናቸው።»

ባልና ሚስቱ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የሚሠሩት እንደ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በውድ ምድጃ ሳይሆን፣ ቀለም መስታወት ላይ በመቀባት ነበር። ርካሽነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጣጣውም እዚሁ። ቀለሙ ሳይታሸግ እርጥበት ከነካው ቢጫ ሆኖ ይበላሻል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲኖር ደረቅ አየር ይነፋበታል፤ ሰው ሲወጣ አየሩን የሚያስወጣ፣ ሰው ቢገባበት የሚገድል ናይትሮጅን ጋዝ ይለቀቅበታል። የጋዙ መክፈቻ ውጪ፣ በሩ አጠገብ ነው።

«ጋዙን ሳይዘጋ ገባ» አለ የሴትዮዋ ወንድም፣ የሽያጭ ሠራተኛው። «ሲወድቅ ሰማሁ። ብጎትተው አቃተኝ። አየር እንዲገባለት በሩን ወለል አድርጌ ትቼ እርዳታ ፍለጋ ሮጥኩ። ግማሽ ሰዓት ቆየሁ።»

ውጪ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

«ስትደርሱ በሩ ክፍት ነበር?» አለችው መርማሪዋ ወንድምየው ጠርቶት የመጣውን ዘበኛ።

«እንጃ፤ እሱ ሮጦ ቀደመኝ። ትናንት ግን ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር። እሱ ዘዴውን ለትልቅ ፋብሪካ እንሽጠው ይላል፤ ሟቹ ለጠየቀን ሁሉ በነፃ እናስተምር ይላል።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጋዙ ቀድሞ ተለቆ ቢሆን እንደገባ በወደቀ ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛ ሙሉ መስታወት ቀብቷል። ስለዚህ ጋዙ የተለቀቀው እሱ ከገባ በኋላ፣ ከውጪ ነው። በሩም በዚህ ዝናብ ግማሽ ሰዓት ተከፍቶ ቢቆይ መስታወቶቹ ቢጫ በሆኑ ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «በሩን የከፈቱት ሰውየው ካለቀለት በኋላ፣ ዘበኛውን ቀድመው ሲደርሱ ነው።»

«ምን ዓይነት ጉድ ነው! አዲሱ ቀለም እኮ እርጥበት ይችላል! እትዬ፣ ንገሪያት እንጂ!»

ሁሉም ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። አሁን ቀለሙን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ይህን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች። «ይችላል» ብትል ወንድሟ ይተርፍላታል፤ ባሏ ግን በገዛ ግድየለሽነቱ የሞተ ሰው ተብሎ ይቀራል፤ ሥራውም አብሮት ይዘጋል። ምንም አልተሰማት። ያም ራሱ አስፈራት።

ቀለም ክፍሉ ገብታ አንድ መስታወት ይዛ ወጣች። የኮሪደሩን መስኮት ከፍታ ደፉ ላይ አስቀመጠችው። ሁሉም ዝናቡን ሲሰሙ ቆዩ። መጀመሪያ ጠርዙ ገረጣ፤ ከዚያ ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው ወደ መሀል ገባ።

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«እትዬ...»

«ባሌ ሲወድቅ ሰው ተጣርቶ ነበር?» አለችው ሳታየው።

ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ተጣርቶ ነበር ወይ አልኩህ።»

«አዎ።»

«ማንን?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አንቺን።»