ለእሷ ድምፅ የተቃኘው ሲንተሳይዘር

ጥቅምት 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሙዚቃን የጀመረው በአርባ አምስት ዓመቱ፣ ያለ አስተማሪ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አንድ አንድ እያለ ነው።

በዚያ ዕለት ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር፣ ዘፈኗን የሚያጅብበት መሣሪያ ሊገዛ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ገቡ። ሴትየዋ ትዘፍናለች፤ ድምፅዋ ግን በፒያኖ ቁልፎች ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ያርፋል። አብረዋት የተጫወቱት ሁሉ «ከቅኝት ትወጫለሽ» ብለው አሰናብተዋታል። ስድስት ዓመት ዝም ካለች በኋላ በሰዓት ሠሪው ልመና ነው የተመለሰችው። እንደሚወዳት አልነገራትም። የማይሆን መሣሪያ ከመረጠ ዳግም ዝም እንደምትል ግን ያውቃል።

ባለሱቁ ሁለት ሲንተሳይዘር፣ ልዩ ልዩ ድምፅ የሚያወጣ ባለ ቁልፍ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ አቀረበ።

«ይኼኛው ስድስት መቶ ዓይነት ድምፅ አለው። ያኛው ስምንት ብቻ፤ መልኩም እንደሚያዩት ነው፣ ለትዳር አይታጭም።»

«እያንዳንዱ ቁልፍ ለየብቻው ይቃኛል?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ቆንጆው አይሆንም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው ከፍ ዝቅ የሚሉት። መልከ ጥፉው ግን እንዳሻዎ ነው።»

እሱ አጎንብሶ ቁልፎቹን ሲሞክር፣ እሷ ያስቀመጠውን ደብተር ገለጠች። የምትዘፍነው ዘፈን ርእስ ተጽፏል፤ ከሥሩም «ሦስተኛው ድምፅ፦ ከቁልፉ በታች፣ እስከ ቀጣዩ ቁልፍ ካለው ርቀት ሠላሳ አምስት ከመቶ። ስድስተኛው፦ ከቁልፉ በላይ ሃያ ከመቶ» ይላል።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ያንቺ ድምፅ ነው። ስትዘፍኚ ከቀዳሁት ላይ ለክቼ...»

«ስህተቴን ሲቆጥሩ ነው የከረሙት?»

እሱ ንግግር የሚዘገይበት ሰው ነው። መልሱን ሳይጀምር በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

«ይከተሏት እንጂ» አለ ባለሱቁ።

አልተከተላትም። ባዶ እጁን ደርሶ የሚናገረው ቃል እንደማያሳምናት ገባው። መልከ ጥፉውን ገዛ፤ እዚያው ተቀምጦም በደብተሩ መሠረት ቁልፍ በቁልፍ ቃኘው። አንድ ሰዓት ፈጀበት። በእያንዳንዷ ደቂቃ ከእሱ እየራቀች የምትሄድ መሰለው።

የስፌት ቤቷን በር የከፈተችለት ታላቅ እህቷ ናት።

«ምን አድርገዋት ነው? እያለቀሰች መጥታ የሰው ሱሪ እግሩን ደፍና ሰፋችው።»

«ያሳልፉኝ፣ አስረዳለሁ።»

«ይህን ሁሉ ተሸክሞ የመጣ ሰውማ አይመለስም። ይግቡ።»

መሣሪያውን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረና ዘፈኗን ተጫወተ። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ይኼ... እኔ የማወጣው ድምፅ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሰው ሁሉ አንቺን ወደ መሣሪያው ሲጎትት ኖረ። እኔ የለካሁት መሣሪያው ወደ አንቺ እንዲመጣ ነው። ስህተት ብዬ የጻፍሁት አንድም የለም።»

ተነሥታ ዘፈነች። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋና መሣሪያው ተጋጩ። አበላሸሁት፣ አሁን ትሄዳለች፣ ብሎ አሰበ።

«አራተኛው ድምፅ ነው» አለች በእርጋታ። «የቀዱኝ ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ከፍ ያድርጉት... ትንሽ... በቃ።»

ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘለቁት።

«ሌላ ያልነገሩኝ ነገር አለ?»

«አለ። እወድሻለሁ።»

«እኔ ካወቅሁት ቆይቻለሁ፤ የዘገዩት እርስዎ ነዎት» አለችና እጁን ያዘች።

በሚያዝያ ተጋቡ። ታሪኩን የነገሩኝ ሁለቱም ናቸው፤ በቁጥሮቹ ላይ ግን እስከ ዛሬ አይስማሙም። እኔም ዕድሜዬ ገፍቷልና አንዱን ቁጥር ወይም ከንግግራቸው አንዱን ቃል አዛብቼ ከሆነ፣ የምታውቁ አንባቢዎች እባካችሁ አርሙኝ።