የአማት አልጋ

ስደተኛ በሞላበት ትሮይቪል ሰፈር ውስጥ ዋንዮኒ ያልበየደው የግቢ በር የለም ይባል ነበር። እሑድ ከቀትር በኋላ ግን በገዛ ሳሎኑ ወለል ላይ ጭንቅላቱ ተፈልጦ ተገኘ። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልረካም። የግራ ክንዱ ተሰባብሯል፣ ጥርሶቹ ወንበር ሥር ተበትነዋል፣ ደሙ ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። አጠገቡ የወደቀውን ብረት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የጓሮው ተከራይ አቢሶ ስፓዛ ለሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቁ የሚመጣለትን ሳጥን የሚፈለቅቅበት፣ እጀታው በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ ብረት ነው።

የአለምወርቅ የምትባለው ኢትዮጵያዊት ስትደርስ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው መንገዱን ዘግቶታል። ግማሹ ከኬንያ የመጣ የዋንዮኒ አገር ሰው ነው፣ ግማሹ የሰፈሩ ነዋሪ፤ ድንጋይ ያልያዘ እጅ ግን አልነበረም። «ሐበሻውን አውጡልን!» ይላሉ። አንዱ የወረወረው ጡብ በጆሮዋ ሥር አልፎ የመኪና መስታወት አደቀቀ። ዞር ብላ ወርዋሪውን አየችውና «ዓይንህን ታከም!» ብላው ገባች።

አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ መጋረጃ ትሰፋለች። አማርኛ ተናጋሪ ሲያዝ ፖሊስ ለአስተርጓሚነት ይጠራታል፤ እሷም ተርጉሚ የተባለችውን ብቻ ተርጉማ ሄዳ አታውቅም። ሳጅን ማሴኮ ይህን አመሏን ስለሚያውቅ ገና ከበሩ አስጠነቀቃት።

«የዛሬው ግልጽ ነው። ብረቱ የሱ ነው፣ ደሙ ሸሚዙ ላይ ነው፣ ጠዋትም ተጣልተዋል። ቃሉን ተርጉሚልኝና ልውሰደው።»

«በዚያ ሕዝብ መሀል? መኪናህ ጋ ሳይደርስ ሬሳ ይሆናል።»

«እዚህም ላቆየው አልችልም። በሩን መገንጠላቸው አይቀርም።»

«እንግዲያው ቶሎ እንጠይቀው።»

አቢሶ ወጥ ቤት ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት የቀመሰው ቡጢ ነው። ሲያያት እንደ ልጅ አለቀሰ።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር እኔ አልገደልኩትም!»

«እግዚአብሔርን ለምስክርነት አንጠራውም። ደሙ ከየት መጣ?»

«ሱቅ ዘግቼ ስመጣ ወድቆ አየሁት። ቀና ላደርገው አቀፍኩት፤ ራሱ እጄ ላይ ተከፈተ...»

«ጠዋት ምን አጣላችሁ?»

«ጓሮ ያለውን ክፍሌን ለዋንዮኒ አማት ሰጥቻቸው ነበር። እነዚህ የቡኩሱ ጎሣ ናቸው እትዬ፤ በነሱ ዘንድ አማትና አማች አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም፣ አብረው አይበሉም፣ ፊት ለፊት አይተያዩም። እኔ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ነው የምተኛው። ዛሬ ልብስ ልወስድ ሳላንኳኳ ገባሁ ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ‹ክፍሉ የኔ ነው!› ብዬ ጮህኩ። በቃ።»

«ሰው ክፍሉን እንዲህ በቀላሉ ይለቃል?»

«ይገባኛላ! በእኛም በከምባታ እናቴ የአማቷን ስም አንድ ቀን ጠርታ አታውቅም። ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ትሸሻለች። ክብር ነው።»

የአለምወርቅ በመስኮቱ በኩል የጓሮውን ክፍል ደጃፍ ያለበሰውን ነጭ ጀሶ አየች፤ ጎንበስ ብላም ጥቁር ፀጉሩን በጣቷ ፈተሸችው። ንጹሕ ነው። ለምን እንደፈተሸችው ሳጅኑ ባይገባውም አልጠየቀም፤ ብትጠየቅም እንደማትመልስ ያውቃል።

ከሳሎኑ ቀጥሎ የተበረበረው የጓሮው ክፍል ነበር። የአቢሶ ካርቶኖች ተሰንጥቀው ስኳሩና ሳሙናው ወለሉ ላይ ተደባልቋል፤ ሻንጣው በቢላ ተተልትሏል፤ የኮርኒሱ ግማሽ ተገንጥሎ ወርዶ ነጭ ጀሶ ክፍሉን ሁሉ አልብሶታል። መሀል ላይ አልጋው አለ። ብርድ ልብሱ ሳይጨማደድ እንደተነጠፈ፣ ትራሱ በቦታው፣ የሴት የእጅ ቦርሳም ከላዩ ላይ ተቀምጦ። ጀሶው አልጋውን አለስልሶ ሸፍኖታል፤ የጣት ምልክት የለበትም።

«ሌባው ጊዜ አላገኘም» አለ ሳጅኑ።

«ኮርኒስ ለመገንጠል የበቃው ጊዜ ትራስ ለማንሳት አነሰው?»

ሳጅኑ የተገነጠለውን ኮርኒስ ቀና ብሎ አየ።

የሟቹ ሚስት ዲቦራ ግቢው ውስጥ ከእናቷ ከእማማ ኔኬሳ እግር ሥር ተቀምጣለች። ሁለቱም ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ነው ሬሳውን ያዩት። እማማ ኔኬሳ የሚናገሩት በቡኩሱ ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ዲቦራ ትተረጉማለች። አስተርጓሚዋ አስተርጓሚ ያስፈለጋት ያን ቀን ነው።

«ባልሽ በሩን ለማን ይከፍት ነበር?»

«ለሚያውቀው ብቻ። በያጅ ስለሆነ በቁልፍ ነገር ቀልድ አያውቅም። ለአቢሶ፣ ለማኮካ፣ ለሲላስ።»

«ሲላስ ማነው?»

የዲቦራ ፊት ጠቆረ። «የእህቴ የፊቤ ባል። እሷን አምና ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት በሚርቀው ሰፈር፣ በዲፕስሉት፣ ቤታቸው ውስጥ ሌቦች ቀጥቅጠው ገደሏት፤ ስልኳን ብቻ ወስደው ሄዱ። እናቴ የመጣችው መቃብሯን ልታይ ነው። የዋንዮኒን ሞት ለሲላስ ደውዬ ስነግረው ቤቴ ተኝቼ ነበር አለ። ፖሊስ እንኳ ሳይመጣ እሱ ደረሰ።»

በዚህ መሀል ከሳሎኑ የጩኸት ድምፅ መጣ። አንድ ግዙፍ ሰው ሬሳው ራስጌ ቆሞ ይሳደባል። «ተነስ አንተ ፈሪ! ቢላ ያልፈራህ ሰውዬ በብረት ትሞታለህ? አሳፈርከኝ!» ሳጅኑ ሽጉጡን ነካ አደረገ።

«ተወው!» አለች ዲቦራ። «ማኮካ ነው፣ የባሌ ባኮኪ። በአንድ ጠዋት፣ የወንዝ ጭቃ ተቀብተው፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ቆመው በአንድ ቢላ የተገረዙ ናቸው። ባኮኪ ባኮኪውን ሞቶም ይሰድበዋል። ልቅሶው ነው።»

ማኮካ እያለቀሰ ወደ ጓሮው ሄደና አልጋው ላይ ዘፍ አለ። ፊቱን በብርድ ልብሱ ጠረገ። ሳጅኑ «ማስረጃ አበላሸህ!» ብሎ ሲጮህበት ቀና እንኳ አላለም።

«የአክስቴ አልጋ ነው» አለ። «የአባቴ እህት ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ የተኛሁበት ጉያ ነው፤ አሁን ልከለከል?»

የአለምወርቅ ሱሪውን አየችው። ጀሶ የነካው መቀመጫውንና የጠረገውን ፊቱን ብቻ ነው፤ ፀጉሩ ላይ ምንም የለም። አንገቷን ነቀነቀች።

ሲላስ የግቢው ጥግ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የሱፍ ቆብ ደፍቶ። ለሬሳው ሲጸለይ ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ እሱ አላወለቀም። የአለምወርቅ ጠርታው ሲራመድ እማማ ኔኬሳ ነጠላ ልብሳቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እሱም ሳያስብበት ፊቱን መልሶ አጥሩን ታክኮ ዞሮ መጣ። ሁለቱም ለዓመታት የለመዱት ነገር ስለሆነ የአካሄዳቸው ቅልጥፍና ያስገርማል።

«ለምን ሞተ ይላሉ?» ስትል ጠየቀችው።

«ይሄ ሐበሻ ገደለው፤ ሌላ ምን ይባላል? ለክፍል ኪራይ ሰው የሚገድሉ ናቸው።»

«ኪራይ? ስለ ኪራይ ማን አነሳ?»

«እንዲያው... ሰምቼ ነው።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ የአለምወርቅ ግን በአነጋገር ብቻ ፈርዳ አታውቅም። ወደ እማማ ኔኬሳ ተመልሳ በጆሯቸው አንድ ነገር አስጠየቀች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ጓሮው ክፍል ልከው መለሱ። ያኔ የግቢው በር ጓ አለ። ከውጭ በግንድ ይመቱት ጀምረዋል። ዋንዮኒ ራሱ የበየደው በር ነው፣ ግን ማጠፊያው መላቀቅ ጀመረ።

«አበቃ፤ ልውሰደው» አለ ሳጅኑ አቢሶን በክንዱ አንስቶ።

«በሩ እስኪወድቅ ታገሰኝ። ሁሉንም የጓሮው ክፍል ፊት አቁምልኝ።»

ቆሙ። እማማ ኔኬሳ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«ሲላስ፣ ከዚያ አልጋ ላይ ትራሱን ያምጡልኝ።»

ሲላስ እስከ ደፉ ሄዶ ቆመ። «አልችልም። የአማቴ አልጋ ነው። አማች የአማቱን መኝታ አይነካም፤ ነውር ነው።»

«አውቃለሁ። ዛሬም አልነኩትም።» ድምጿን ከፍ አደረገች። «ገዳዩ የሚፈልገው ነገር ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሲያጣው ይህን ክፍል ገለበጠ፣ ካርቶን ሰነጠቀ፣ ኮርኒስ ገነጠለ። የመንገድ ሌባ ቢሆን ዓይኑ ሥር ያለውን ቦርሳ ባልተወ። አቢሶ ቢሆን የገዛ ዕቃውን ባልተለተለ፤ ክፍሉ የሱ ነው፣ ምን የት እንዳለ ያውቃል። ማኮካ ቢሆን አልጋውን አገላብጦ በፈተሸ፤ ሲዘፈዘፍበት አይተናል። ቤቱን ሁሉ ያፈረሰ እጅ አልጋው ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ልማድ ከሰውነት ይዋሐዳል። ያ እጅ የአማች እጅ ነው። እማማ ኔኬሳ ሁለት አማቾች አሏቸው፤ አንደኛው ሳሎን ውስጥ ተኝቷል።»

«ልማድ ማስረጃ አይሆንም!» አለ ሲላስ። ላቡ በአገጩ ወረደ።

«አይሆንም። ጀሶ ግን ይሆናል። ኮርኒስ የገነጠለ ሰው ራሱ ላይ ይወርድበታል። ቆብህን አውልቅ።»

ሳያወልቅ ማኮካ ከኋላው መነጨቀው። ፀጉሩ በጀሶ ነጥቷል፤ ከጆሮው በስተጀርባ የደረቀ ደም አለ። ሳጅኑ ኮቱን ቢከፍተው ከሥሩ ሸሚዝ የለም፤ በደም የራሰውን አውልቆ ጥሎታል።

«አሁን ትራሱን» አለች የአለምወርቅ።

ማኮካ አመጣው። ከትራሱ ልብስ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። «ዋንዮኒ በልጄ እጅ ነው የላከልኝ» አሉ እማማ ኔኬሳ ከዞሩበት ሳይመለሱ። «አንድ ሰው አነጋግሬ እስክጨርስ አይክፈቱት አለ። አማቼ ነው፤ ቃሉን አከበርኩ።» ዲቦራ ጨርቁን ፈታችው። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ልባሱ ሐምራዊ የሆነ ስልክ ነው። ከአንጀቷ የወጣው ጩኸት የበሩን ድብደባ እንኳ ጸጥ አሰኘው።

«የፊቤ ነው! ሌቦች ወሰዱት ያልከው! ባለፈው ሳምንት ዋንዮኒ መሰርሰሪያ ልዋስ ብሎ ዲፕስሉት ሄዶ...»

«የሲላስ ዕቃ ሳጥን ውስጥ አገኘው» አለች የአለምወርቅ። «ለፖሊስ ከመስጠቱ በፊት ሊጠይቀው ፈለገ። ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ ገደለው። አንተም ሲላስ፣ ስልኩን የትም ሸሽጎታል ብለህ ስትጠረጥር አንድ ቦታ ብቻ አልጠረጠርክም። ዋንዮኒም አማች ነውና፣ እዚያ እጁን አያስገባም ብለህ።»

ሲላስ ከኮቱ ቢላ መዘዘ። ሳጅኑን ጉንጩ ላይ ተለተለው። አቢሶ በታሰሩ እጆቹ ሊይዘው ሲዘል መዳፉን ሰነጠቀው። ሲላስ ወደ ግቢው በር ሮጠ፤ በዚያው ቅጽበት ማጠፊያው ተነቅሎ በሩ ወደቀና ሕዝቡ ጎረፈ። የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻውን አገኘው። ተመልሶ ሮጠ፤ ከውስጥ የሚቀረቀር በር ያለው የጓሮው ክፍል ብቻ ነው።

ደፉ ላይ እማማ ኔኬሳ ቆመዋል። ልብሳቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉ። ልጃቸውን ከዳሩለት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

ደካማ አሮጊት ናቸው፤ በክርኑ ቢገፋቸው ይወድቃሉ። ሁለት ሰው የገደለው ሲላስ ግን ክንዱን አንስቶ ዓይኑን ሸፈነና ቆመ። ቢላው ከእጁ ወደቀ።

«አልጋዬን አከበርክ» አሉት። «ልጄን ግን አላከበርካትም።»

ማኮካ ከኋላው ጠልፎ ጣለው፤ ሳጅኑ ደሙ እየተንጠባጠበ ጀርባው ላይ ተንበርክኮ አሰረው። ሕዝቡ ድንጋዩን ወደ አቢሶ ሊያነሳ ሲል ማኮካ ከፊቱ ተገተረና ገዳዩ ሲላስ መሆኑን በቋንቋቸው ጮኸ። እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ካቴናው ሲፈታለት አቢሶ የቆሰለ መዳፉን ደረቱ ላይ ያዘ። የአለምወርቅ የራሷን ሻርፕ ቀዳ አሰረችለት።

«እትዬ፣ ተረፍኩ እኮ!»

«ተርፈሃል። ሁለተኛ ብረትህን ሰው ቤት እንዳትተው።»

ሬሳው ተነስቶ ሰዉ ሲበተን አቢሶ ወደ እማማ ኔኬሳ ቀረበ። ክፍሉን አጸዳድቶ ኮርኒሱን እንደሚያስጠግን፣ እስከፈለጉ ድረስ ሊቆዩበት እንደሚችሉ በዲቦራ በኩል ነገራቸው። አሮጊቷ የታሰረ እጁን ይዘው ሰሙት። ከዚያ ቦርሳቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ከአልጋው ላይ አነሱ።

«ክፍልህን ውሰድ ልጄ» አሉ፤ ዲቦራ እያለቀሰች ተረጎመችው። «ዛሬ ከልጄ ቤት አድራለሁ። የሚከለክለኝ አማች የለኝም።»