የሱሚን የፊት ልክ

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። የማያምን አይመን... እምነታችሁን ለምኜ አልጽፍም።

ሰዓቱ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ።

ቦታው፦ ጃፓን፣ ሳባኤ፣ የመነጽር ፍሬም የሚሠራበት ፋብሪካ፣ መወልወያው ክፍል። መብራቱ ቦግ ብሏል። ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። ጨለማን ብቻ የሚፈራ ሰው ሞኝ ነው።

ከታይዋኗ ታይናን ወደዚያ ከመጣሁ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር።

ባል አለኝ። ፔይሼን ይባላል። ታይናን ላይ መዝገብ ቤት ገብተን፣ ፈርመን ተጋብተናል። ሳባኤ ላይ ግን የቅጥር ቅጹ የትዳር ጓደኛዬን ስም ሲጠይቀኝ፣ «ሱሚን» ብዬ ጻፍኩ።

ሱሚን የምትባል ሚስት የለችኝም። ከራሴ ፈጥሬ ነው።

የመንደር ሰው የሌላውን ትዳር ካላላመጠ ምሳ አይወርድለትም። እኔም የሚላመጥ ሰጠኋቸው።

«ሊያው፣ ሚስትህ እንዴት አስችሏት ብቻህን ላከችህ?» ትለኝ ነበር ወይዘሮ ሃናዋ፣ ከጎኔ የምትወለውለው። «እኔ ብሆን ሻንጣህ ውስጥ ገብቼ እመጣ ነበር!»

«አንቺን ሻንጣ አይችልሽም፣ ኮንቴይነር ይፈልግልሽ» አለ ሺኖዳ፣ የክፍላችን አለቃ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በልቤ ግን ናቅኋቸው... ንቀቱም ፍርሃቴን ጥሩ አድርጎ ይሸፍንልኝ ነበር።

ክፍላችን አንድ ልማድ አለው። አዲስ ሠራተኛ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ለትዳር ጓደኛው መነጽር ይሠሩለታል። በስጦታ።

ሺኖዳ እርሳሱን አሾለ።

«ከብሌን እስከ ብሌን?»

የፔይሼን ልክ ስልሳ ስድስት ሚሊሜትር ነው። ተኝቶ ሳለ በጣቴ ለክቼዋለሁ። እሱን መናገር እችል ነበር።

«ስልሳ አንድ» አልኩ።

«አፍንጫዋስ?»

«ጠባብ ነው።»

«ጆሮዋ?»

«ግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል።»

ይህን የጨመርኩት ሳልጠየቅ ነው። ውሸት ዝርዝር ይወዳል። ሺኖዳ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሚስቱን እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ወንድ አይቼ አላውቅም» አለ፣ በአክብሮት።

ሐሙስ ዕለት ከምሳ ስመለስ ተሠርቶ ያለቀው መነጽር ከተቀመጠበት ሳህን ላይ የለም።

«ባለቤትህ ወሰደችው» አለች ሃናዋ። «ልክክ አለላት!»

«የቷ ባለቤቴ?»

«ስንት አለህ አንተ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ደርሰውብኛል አልኩ። ይህ የገጠር ቀልዳቸው ነው፣ ቂመኛና ደደብ።

ሃናዋ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ሊያው... አንድ ነገር ልንገርህ?»

«ምን?»

«አትቆጣም?»

«ተናገሪ።»

«መነጽሩን ሳደርግላት ዐይኗን አላርገበገበችም። አንዴም። ደግሞ ጆሮዋን ስነካት...»

ቀኝ እጇን በግራዋ ጨብጣ ታሻሽ ነበር።

«እስካሁን ይቀዘቅዘኛል» አለችኝ።

ወደ ቤቴ ስገባ አከራዬ በረንዳው ላይ ቆመው በረዶ ይጠርጋሉ። ስለ ቆሻሻዬ ሦስት ወር ሲነዘንዙኝ ኖረዋል፤ ጠርሙሱን ከቆርቆሮው፣ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ መለየት ያቃተኝ የውጭ ሰው ነበርኩ።

«ሚስትህ ሥርዓት ታውቃለች» አሉኝ። «ካንተ በተለየ።»

ከረጢቶቹ በየቀለማቸው ተሰልፈዋል። አፋቸው በጥብቅ ተቋጥሯል።

የቤቴ በር ግን... እንደቆለፍኩት ነበር።

ማታ ፔይሼን ደወለ። ሥራውን ለቅቋል። ትኬቱን ቆርጧል። ቅዳሜ ይደርሳል፤ ከእኔ ጋር ሊኖር።

«ማን ነው ብለህ ነው የምታስተዋውቀኝ?»

«ፔይሼን ነው ብዬ።»

«ስሜን አልጠየቅሁህም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አንዴ ብቻ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ፣ ባሌ ነው በል። ሌላ ምንም አልለምንህም። ያን ካላልክ ግን... አጣኸኝ።»

«እላለሁ።»

«ማልልኝ።»

ማልኩለት።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ባቡር ጣቢያ። ፔይሼን ከባቡሩ ወረደ። አፍንጫው በብርድ ቀልቷል፤ የታይናን ስስ ጃኬቱን ለብሷል። ከሩቅ ሲያየኝ ሻንጣውን እየጎተተ ሮጠ። ልቤ ሞላ። አሁን ባሌ ነው እላለሁ... ለማንም እላለሁ።

«ሊያው!»

ዘወር አልኩ። ሺኖዳ ነው። እናቱን ሊቀበል መጥቷል።

«እንግዳ መጣልህ? ማነው?»

ፔይሼን አጠገቤ ቆመ። ጃፓንኛ አንዲት ቃል አይችልም፤ ግን ምን እንደተጠየቅሁ ገብቶታል። ዐይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም።

ሺኖዳን ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። ትንሽ ሰው ነው። አንገቱ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቆበት ነበር። በእንዲህ ያለ ሰው ፊት ነው...

«የሚስቴ ወንድም ነው» አልኩ።

ፔይሼን ሻንጣውን ለቀቀው።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። በጥፊ ይመታኛል፣ ተመልሶ ባቡሩ ላይ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ።

ጎንበስ ብሎ ለሺኖዳ እጅ ነሣ።

«እህቴን ስለተንከባከባችሁልን ቤተሰባችን ያመሰግናል» አለ።

በጃፓንኛ። በጥሩ ጃፓንኛ።

«ቁርጥ እሷን!» አለ ሺኖዳ፣ ደስ ብሎት። «ጆሮው ሳይቀር!»

ያኔ አየሁት። የግራ ጆሮው... ዝቅ ብሏል።

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላዬ ሦስት እርምጃ ርቆ ይከተለኛል።

«ፔይሼን፣ ተቀይመሃል። መቀየም ይገባሃል። ግን ይብቃህ።»

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«ጋሼ አትበለኝ!»

«የእህቴን ባል ታዲያ ምን ልበል?»

ፊቱ ላይ ጥላቻ ፈለግሁ። ጥላቻ ባገኝ በረዶው ላይ ተንበርክኬ እግሩን እይዝ ነበር። ንቀትም ቢሆን ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ለሰው ሁሉ ስሰጥ የኖርኩት እሱን ነው።

ምንም የለም። ለዘመድ የሚሰጥ ትሕትና ብቻ።

«ባሌ ነህ» አልኩት። መንገዱ ላይ ጮህኩ። «ባሌ ነህ! ሰማህ?»

በሐፍረት አቀረቀረ... አማቹ ሰክሮ እንዳዋረደው ሰው።

ቤቱ ውስጥ ይሞቃል። ማሞቂያውን አጥፍቼ ነበር የወጣሁት። ከመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ሲፈስ ይሰማል።

«ማነው?» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

«እህቴ ናት» አለ ፔይሼን። «ከልጅነቷ ጀምሮ ታጥባ አትጠግብም።»

አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን ያዘጋጀኋቸውን ሁለት ትራሶች አየ። ፍራሽ አውጥቶ፣ ለራሱ በሩ ሥር አነጠፈ።

ውኃው ቆመ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ስንጥር ያህል ተከፈተ። እንፋሎቱ መሐል አንድ ክንድ ወጣ፤ እርጥብ፣ መዳፉ ወደ ላይ የተዘረጋ... ይጠብቃል።

ፔይሼን ፎጣውን አንሥቶ በእጄ አስያዘኝ።

ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ... ወንድም ለእህቱ እንደሚያዞረው።