የሐሙስ አድማጭ

ሴት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አትቀናም የሚል ካለ ተናኘወርቅን አያውቃትም። ፊደል ባትቆጥርም በአፏ የሚረታት የለም። ፊደል አለመቁጠሯን ግን ለብሪጅሞሃን ነግራው አታውቅም።

ብሪጅሞሃን ህንዳዊ ደራሲ ነው፤ በሂንዲ የሚጽፈውም ስለ ትውልድ መንደሩ ገበሬዎች ነው። ለንደን፣ ዌምብሊ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ዝናብ ይዟቸው አንድ ጃንጥላ ከተጋሩ ወዲህ፣ በየቀኑ ፓርኩ ወንበር ላይ ይጠብቃታል። ሚስቱ ሞታበታለች፤ እሷም ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ዝም ሲሉም አይከብዳቸውም።

ሐሙስ ሲሆን ግን ሰውየው ይጠፋል። ደብተሩን ይዞ አትክልት ሻጯ ሳቪታ ዘንድ ይሄዳል። አንድ ሐሙስ ተናኘወርቅ ሽንኩርት ልግዛ ብላ ተከተለችው። እሱ ያነባል፤ ሳቪታ አገጯን በእጇ ደግፋ ትሰማለች፣ እንባዋንም በሳሪዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

ተናኘወርቅ ሽንኩርቱን ሳትገዛ ተመለሰች። ሦስት ቀን ፓርክ አልሄደችም። በአራተኛው ቀን እሱ በሯ ላይ ቆመ።

«አሞሽ ነው እንዴ?»

«ምን ሆኜ። አንተ የምታነብላት ሴት አለችህ፤ ሂድና አንብብላት።»

ደነገጠ። ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ አስረዳት። የሚጽፍላቸው የመንደሩ ሰዎች ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ከማሳተሙ በፊት ከገጠር ለመጣች፣ ላልተማረች ሴት ያነባል። እሷን የሰለቻት ገጽ ይቀደዳል።



«እኔንስ ተምራለች ያለህ ማነው?» አለች ቀና ብላ። «ግባና አንብብ።»

«ሂንዲ አታውቂም።»

«ላም አውቃለሁ።»

ገባ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እየተረጎመ አነበበላት። ባሏ የሞተባት አንዲት ገበሬ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፤ ጥጃውን ከእናቱ አርቃ ታስርና ማለብ ትጀምራለች።

«ቁም። ጥጃው ሳይጠባ ወተቱ ከየት መጣ? ላም ጥጃዋን ሳታጠባ አትታለብም። ይቺ ሴትዮህ አልባ አታውቅም።»

ገጹን ትክ ብሎ አየው። «ሳቪታ እዚህ ጋ አለቀሰች እንጂ ምንም አላለችኝም።»

«ደስ እንዲልህ ነዋ። እኔ አንተን ላስደስት አልተቀመጥኩም።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ገጹን ቀስ ብሎ ቀደደው።

«ሳቪታ ትቀየመኛለች።»

«ትቀየም። ሽንኩርቷን ትሽጥ።»

ሳቀ። የታሪኩ መጨረሻ ገና እንዳልተጻፈ ነገራት፤ ሴቲቱን ጎረቤቷ ላግባሽ ብሏታል፣ ምን እንደምትመልስለት ግን ደራሲው ራሱ አያውቅም።

«ታግባው ትያለሽ?» አለ ደብተሩን እየከደነ።

«ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የሚውለው?»

«እሷ ዘንድ።»

ተናኘወርቅ ተነሳች። የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍታ ትኩስ ጣደች።

«እንግዲያው ታግባው።»