ሞተ የተባለው ባሌ

አባቴ ጆብ ክራብ የስቶክሊ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበር። ማን እንደተጠመቀ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተቀበረ የሚመዘግበው እሱ ነው። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ አሮጌዎቹን መዝገቦች የማነብለት እኔ ሆንኩ። የሦስት መቶ ዓመት ጽሕፈት የማይከብደኝ ለዚህ ነው።

ሃያ ዓመት በሞላኝ መከር፣ ኮረብታው ላይ ካለው ትልቅ ቤት የሌዲ ቴንዳል ሁለተኛ ልጅ ሊዮኔል ወደ እኛ መጣ። እናቱ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በመጽሐፍ ልታሳትም ተነሥታ ነበር፤ የቅድመ አያቶቹን ስም ከመዝገባችን እንዲገለብጥ ላከችው። ምስኪኑ አንድ ገጽ ላይ አፍጥጦ ግማሽ ቀን ዋለ።

በትከሻው በኩል አየት አደረግኩና፣ «‹ተቀበረ› ነው የሚለው፣ ጌታዬ» አልኩት። «እርስዎ ‹አገባ› ብለው ጽፈውታል።»

«ሬሳውን ድሬዋለሁ በይኛ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አንዳንዴ አንብቤ ስጨርስ ብዕሩ አይንቀሳቀስም። ቀና ስል ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው። ሁለታችንም ወደ መዝገቡ እንመለሳለን፤ የትኛው መስመር ላይ እንደነበርን ግን እንረሳለን።

በኅዳር አንድ ቀን ስለ ሦስተኛው ሎርድ ቴንዳል ጋብቻ የተጻፈውን አገኘን። ሚስቱ ጆአን ትባላለች። በቤተሰቡ ሐረግ ላይ የባላባት ልጅ ናት፤ መዝገባችን ግን የባለ ወፍጮ ልጅ ይላታል።

«እናትህ ይሄን አይወዱትም» አልኩና ደነገጥኩ። አንተ ብዬዋለሁ።

«አትመልሺው» አለኝ ቀስ ብሎ። «‹እርስዎ› ስትይኝ ግድግዳ ላይ ያለውን የአያቴን ሥዕል የምታናግሪ ይመስለኛል።»

በገና ማግስት ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለእናቱ ነገራት። በሦስተኛው ቀን አስጠራችኝ። ተቀመጪ አላለችኝም። የሐረጉ ሥዕል ከበስተኋላዋ ግድግዳውን ሞልቶታል።

«ልጄ ሃያ ሁለት ትውልድ ይቆጥራል» አለች። «አንቺ ስንት ትቆጥሪያለሽ?»

«እኔም ከሰማይ አልወረድኩም፣ እመቤቴ። እኔም ሃያ ሁለት አባቶች አሉኝ፤ ስማቸውን የጻፈላቸው ጠፋ እንጂ።»

«የባለ ወፍጮውን ልጅ ወሬም ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«መዝገቡ ነው ያመጣው።»

በሳምንቱ አባቴን ከሥራው አስወጡት። ቄሱን የሚሾመው ያ ቤተሰብ ነው፤ ቄሱም ቃል አልተነፈሰም። ሠላሳ አንድ ዓመት የማንንም ስም ሳይዘል የጻፈ ሰው፣ በበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ እህቱ ቤት ገባ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። እኔ ግን ምን እንደገደለው አውቃለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ሊዮኔልን፣ «ሂድ፣ የናንተን ቤት ሰው ማየት አልፈልግም» አልኩት።

«ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ» አለኝ። እጁ ላይ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነበረች። «አሁን የማንም ቤት ሰው አይደለሁም። ካልፈለግሽኝ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ሻንጣውን ተቀበልኩት።

ብሪስቶል ከተማ ገብተን ተጋባን። እሱ ለነጋዴ ልጆች ላቲን ያስተምራል፣ እኔ መጻፍ ለማይችሉ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ወለድን። ድንች በልተን ያደርንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ተኳርፈን ያደርንበት ግን ጥቂት።

በሰባተኛው ዓመት የእናቱ የዘር ሐረግ መጽሐፍ ታተመ። አንድ የሊዮኔል ወዳጅ ላከልን። ገልጬ አነበብኩ፦ «ሊዮኔል፣ ሁለተኛ ልጅ፤ ሳያገባና ዘር ሳይተካ ሞተ።»

ሟቹ በዚያች ሰዓት ሴት ልጁን ጀርባው ላይ አዝሎ ወለሉ ላይ ይድህ ነበር። ሳነብለት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ባሌን በሕይወቱ ቀበሩት፤ ልጆቼን እንዳልተወለዱ ሰረዟቸው። ያን ውሸት ደግሞ በወርቅ ቀለም አስጊጠው መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

አራት ዓመት ቆይቶ አንድ ጠበቃ በራችንን አንኳኳ። የሊዮኔል አባት ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ያለ ልጅ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ሎርድ ቴንዳል አሁን ሊዮኔል ነው።

«ተሳስተዋል» አለው ባሌ። «በመጽሐፋችሁ ሞቻለሁ። ሙት አይወርስም።»

ጠበቃው ላብ በላብ ሆነ። «እሱ… የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔ ግን ወደ ስቶክሊ እሄዳለሁ» አልኩ። ሊዮኔል ዞሮ አየኝ። «አባቴን ካስወጡበት አገር ተደብቄ አልኖርም።»

ሌዲ ቴንዳል አርጅታ፣ በዱላ ተደግፋ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀብላ አነጋገረችን። ወንበር በእጇ አሳየችኝ። አልተቀመጥኩም።

«አሸነፍሽ» አለች። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስሜ ይጻፍ። መጽሐፉም ይታረም።»

«ብዕሩ ያው። ጻፊው።»

«የሰረዙት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይጻፉት።»

አሮጊቷ ልጇን አየችው፤ እሱ ብዕሩን አቀበላት። መጽሐፉን ስባ፣ «ሳያገባና ዘር ሳይተካ ሞተ» የሚለውን ሰርዛ ጻፈች፦ «ታቢታን አገባ፣ የጆብ ክራብን ልጅ።»

«ሥራው ቀርቷል» አልኳት።

«ሥራ በሐረግ ላይ አይጻፍም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ነው። ይጻፉት።»

ብዕሩን እንደገና ቀለም ነከረችና «የስቶክሊ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ» ብላ ጨመረች። ይቅር አላልኳትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ቀለሙ እስኪደርቅ ግን ከዚያ አልተነቃነቅኩም።

ስንወጣ ሊዮኔል ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ። ንዴቴ እስኪበርድ ድረስ አልለቀቀውም።