ጨርቅ የለበሰው ኮምፒውተር

ጡረተኛው መምህር ደገፉ ኮምፒውተራቸው ፊት ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የበር መወርወሪያ ብረት ወንበሩ ሥር ወድቋል። ኮምፒውተሩ ግን ጠፍቶ፣ ባለጥልፍ ጨርቁን ለብሶ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ጎረቤታቸው ባለወፍጮው ኤርካሎ በድንበር ሲነታረካቸው ስለኖረ፣ ሶዶ ከተማ ፍርዷን ወዲያው ሰጠች። ከተማ እንዲህ ናት፤ ምርመራ ይሰለቻታል። የሟች ሚስት የፋንታዬ ዘመዶችማ ወፍጮ ቤቱን ሊያቃጥሉ ቤንዚን ገዝተዋል። ኢንስፔክተር ፀዳለ ከቤንዚኑ መቅደም ነበረባት።

«እትዬ ፋንታዬ፣ እርስዎ ከቤት ሲወጡ ጋሼ ደገፉ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ይስቅ ነበር» አለች ፋንታዬ። እንባዋ ደርቆ ፊቷ ላይ የቀረው በቀል ብቻ ነው። «የሚልክያስ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ቀልድ በሽቦው ከፍቶ። ከገበያ ስመለስ ሳቁም የለ፣ እሱም የለ። ኮምፒውተሩን ማን እንዳለበሰው እንጃ፤ እኔ አልነካሁትም። ያንን ባለወፍጮ ስቀሉልኝ!»

ሚልክያስ የሟች ወንድም ልጅ ነው፤ ያደገው እዚሁ ቤት፣ ክፍሉም ከጓሮ ነው። ያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። የስልኩ መስመር የሚገባው የደገፉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከዚያ በመስኮት የወጣ ሽቦ ኢንተርኔቱን ለሚልክያስ ኮምፒውተር ያካፍላል፤ ፋይልም በዚያው ይመላለሳል።

«ጋሼ ደገፉ ሲሞቱ የት ነበርክ?» አለችው ፀዳለ።

«ክፍሌ፣ ኢንተርኔት ላይ። የእማዬን ጩኸት ሰምቼ እስክወጣ ድረስ አንዴም አልተቋረጠብኝ።»

«በሶዶ? ታድለሃል!»

ኤርካሎን ወፍጮው ደጃፍ አገኘችው።

«ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ የለም! ቀኑን ሙሉ ስፈጭ ነበር። ፋንታዬ እኔን ትጠላኛለች እንጂ እኔ ሰው አልገደልኩም።»

ከቀብር መልስ ፀዳለ ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቤንዚን የገዙት ዘመዶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ከኮምፒውተሩ እንጀምር» አለች። «መብራት አልጠፋም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩን ያጠፋው ሰው ነው። እትዬ ፋንታዬ አልነኩትም፤ እንግዲህ ያጠፋው ገዳዩ ነው። ለምን? ሬሳ ተደፍቶ ቀልዱ ይስቃላ! ሐዘን ቤት ሬዲዮ ይዘጋል፣ ቴሌቪዥን ይሸፈናል፤ የገዳዩ እጅም የለመደውን አደረገ። ኤርካሎ ቢሆን አጥር ዘሎ ይሸሻል እንጂ ለጠላቱ ሐዘን አይቀመጥም። ይሄ የቤት ሰው እጅ ነው።»

ከዚያ ወደ ሚልክያስ ዞረች።

«የጋሼ ኮምፒውተር ሲጠፋ ያንተ ኢንተርኔት ይቋረጣል። እኛም ቢሮ አንድ መስመር ለሁለት ነው፤ አዛዣችን የራሱን አጥፍቶ ለሻይ ሲወጣ የኔ ሥራ ገደል ይገባል። ያንተ ግን ጩኸት እስክትሰማ አልተቋረጠም። በምን ተአምር? ክፍልህ አልነበርክም፤ እዚህ ነበርክ።»

ሚልክያስ ቀና አለ።

«አዎ፣ ገደልኩት። አይቆጨኝም! በአባቴ ላይ መስክሮ ያሳሰረው እሱ ነው። አባቴ እስር ቤት ሞተ፤ እሱ እኔን እያበላ ጻድቅ ተባለ። ይህን ቀን ስጠብቅ ነው ያደግኩት።»

ፋንታዬ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«የመሰከርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አባትህ አረካ ከተማ ላይ የገደለው ወንድሜን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ደገፉማ ወንድሙ ነውና አትመስክሪ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። እምቢ አልኩት። ሰው ሁሉ እሱ መሰከረ ሲል ዝም ያለው፣ አንተ ከእጄ እንድትበላ ብሎ ነው።»

ሚልክያስ «እማዬ…» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አትንካኝ!»

ፋንታዬ ወደ ፀዳለ ዞረች። «ያኔ መስክሬያለሁ፤ አሁንም እመሰክራለሁ። ቃሌን ተቀበዪኝ» አለቻት።