የቢቸናው ቶርኖ ቤት ለምን አልተገኘም?

ባንተአምላክ ቢቸና መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ወርክሾፑ ሲሠራ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው። ብረቱን በቶርኖ ማሽን እያሽከረከረ ሲቀርጽ ሰው ከኋላው እንዲቆም አይወድም። ዋጋ የሚጠይቀውን ሰው እንኳ አስቀድሞ "ማን ላከህ?" ይለዋል። የወፍጮ ፐርኖ፣ ያን ድንጋዩን ተሸክሞ የሚዞረውን ወፍራም ብረት፣ እንደ እሱ አስተካክሎ የሚቀርጽ በአካባቢው የለም። ይህን የሚመሰክሩለት ግን የድሮ ደንበኞቹ ብቻ ናቸው። እነሱም እያረጁ ወፍጯቸውን ለልጆቻቸው እያስረከቡ ነው። ልጆቹ ደግሞ ወፍጮ ሲሰበርባቸው መንገደኛ አያስቆሙም፤ ስልካቸውን ነው ከኪሳቸው የሚያወጡት።

ሥራው ሲቀዘቅዝ የእህቱ ልጅ እፀገነት ድረ ገጽ ልትሠራለት ተነሣች። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ተምራ የመጣች፣ የመሰላትን ፊት ለፊት የምትናገር ልጅ ናት።

"አጎቴ፣ መጀመሪያ የወርክሾፑን ፎቶ እናስገባ።"

"ሌባው በየት በኩል እንደሚገባ እንድናሳየው?"

"እሺ፣ ዋጋስ? ከዚህ እስከዚህ ብለን እንኳ።"

"ግብር ሰብሳቢው ቁጭ ብሎ እንዲያነበው?"

"ስልክ ቁጥርዎስ?"

"የማላውቀው ሰው ሁሉ እንዲደውልልኝ? አይሆንም!"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"'ከአገር አንደኛ ቶርኖ ቤት' ብለሽ ጻፊ። ደጋግመሽ፣ ከላይ እስከ ታች።"

እፀገነት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ጎግል ስለደጋገምንለት የሚያምነን መሰለዎት? እሱ የሚያየው ሰው የሚጠይቀውን ነው። ወፍጮው የቆመበት ሰው 'ከአገር አንደኛ' ብሎ አይፈልግም። 'የወፍጮ ፐርኖ ተሰበረ፣ የት ላሠራ' ብሎ ነው የሚጽፈው። መልሱ እርስዎ ገጽ ላይ ከሌለ በምን ያገኝዎታል?"

"አንቺ ያልኩሽን ጻፊ።"

ጻፈች። ባንተአምላክም በየጠዋቱ በገዛ ስልኩ የገዛ ስሙን ይፈልጋል፤ ገጹ ቀድሞ ብቅ ሲል ደስ ይለዋል። እፀገነት ግን "ስልክዎ እኮ የሚመላለሱበትን ገጽ ለምዷል። እስቲ በሌላ ሰው ስልክ ይሞክሩት" አለችው። የሚስቱን የይርጋነሽን ስልክ ወስዶ፣ ባለወፍጮ እንደሚጠይቀው አድርጎ ሞከረ። የእሱ ገጽ የለም። ወደ ታች ቢወርድ፣ ቢወርድ የለም። ከሁሉ በላይ የወጣው "አምላኩ የወፍጮ ዕቃ መሸጫ፣ ሞጣ" የሚል ነበር።

አምላኩ ሥራውን የተማረው እዚችው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ኋላ ተሰናብቶ ሞጣ ገባና ወፍጮውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋን፣ እና ፐርኖው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። የባንተአምላክ ጥርጣሬ እስከዚያ ቀን ድረስ ባለቤት አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስም አገኘ።

"ከፍሎ ነው! ለአንዱ ጉቦ አጉርሶ ነው እኔን ያስቀበረኝ!"

"ደጅህን ለሰው የነሣኸው አንተ፣ የሚከሰሰው አምላኩ!" አለች ይርጋነሽ። "ደግሞ ስልኬን መልስልኝ፤ ሰው ሰለልክበት።"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አንድ ቀን እፀገነት ገጹን የጎበኙት ሰዎች ከየት ከየት እንደመጡ ስታይ፣ እሱ በትከሻዋ በኩል አንገቱን አሰገገ። ጎብኚዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን የመጡት ከአምላኩ ገጽ ነው።

"ይኸው ያዝኩት! ሰላይ እየላከብኝ ነው!"

"ቆይ አጎቴ፣ አይቸኩሉ። የእርስዎን ሊንክ አስቀምጦልዎት ይሆናል። ታማኝ ገጽ ወደ እርስዎ ሰው ከላከ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎግልም ምስክር አለው ብሎ ነው የሚቆጥረው። እስቲ ገጹን ከፍተን እንየው።"

"የእሱን ገጽ ከፍቼ ጎብኚ ልጨምርለት? በእሱ በኩል የሚመጣውን ሁሉ ዝጊብኝ!"

"ይጎዳዎታል እያልኩ ነው።"

"አንቺም የእሱ ወገን ነሽ እንዴ?"

እፀገነት ፊቷ ተለዋወጠ። ከአምላኩ ገጽ የሚመጣበትን መንገድ እንዳላት ዘጋችና ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ወደ ወርክሾፑ አልመጣችም።

ሥራው ጨርሶ ቆመ። ባንተአምላክ ዕድሜውን ሙሉ ያደረበትን ቶርኖ ለመሸጥ ለደላላ ተናገረ። ደላላው ገዢ አግኝቶ ሲመጣ "ከሞጣ የመጣ ሰው ነው" አለው። ከሞጣ! ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። መጀመሪያ ገጹን አጠፋበት፤ አሁን ደግሞ እጁን ሊቆርጠው ነው። በማግስቱ አምላኩን ሱቁ ድረስ ሄዶ ሊያዋርደው ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተሳፈረ።

አጠገቡ አንድ ወጣት ተቀምጧል። በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረጅም ብረት በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። ባንተአምላክ ከማዳበሪያው የወጣችውን ጫፍ ብቻ አይቶ ዐወቀ። ደብረ ወርቅን እስኪያልፉ ብረቱን በዓይኑ ጥግ ሲያየው ቆየ። በመጨረሻ አላስችል አለው።

"የወፍጮ ፐርኖ ነው። ተሰንጥቋል፣ አይደል?"

"እንዴት ዐወቁ አባቴ?"

ወጣቱ ባየ ይባላል። ከየጁቤ ወረድ ብላ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነው የመጣው። "ወፍጯችን ከቆመ ሰነበተ፤ ሌላ ደግሞ የለንም" አለ። "ሴቶቹ እህሉን ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው ነው የሚያስፈጩት። ሰሞኑን አንዷ ሕፃን አዝላ ስትወጣ ወደቀች፤ ሕፃኑን አድናለሁ ብላ እጇ ተሰበረ። እንግዲህ ሞጣ ቺንጋውን ገዝቼ፣ ፐርኖውን ባሕር ዳር አሠርቼ ካልተመለስኩ የሰው ዓይን ማየት አልችልም።"

"ቢቸና ላይ ነው መኪና የቀየርከው?"

"አዎ፣ መናኸሪያው ላይ።"

"መናኸሪያው ጀርባ እኮ ቶርኖ ቤት አለ!"

"አለ ይላል፤ ሰውየው ግን የዘጋ መሰለኝ። ይኸው ይዩት።"

ባየ ስልኩን አቀበለው። "የወፍጮ ፐርኖ ሲሰነጠቅ ምን ይደረጋል" ብሎ ፈልጎ ነበር። የወጣለት የአምላኩ ገጽ ነው። የተሰነጠቀ ፐርኖ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ፐርኖ ከተሰነጠቀ አያስበይዱት፤ ተመልሶ ይሰነጠቃል። አዲስ መቀረጽ አለበት። እኔ ቺንጋና ኩሽኔታ እሸጣለሁ እንጂ ፐርኖ አልሠራም። ለእሱ ቢቸና፣ ባንተአምላክ ቶርኖ ቤት ይሂዱ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

"ስሙን ስነካው 'መግባት አይፈቀድም' አለኝ" አለ ባየ። "ስልክ ቁጥር ብፈልግ የለም። ኧረ እንዲህ ያለ ሰው! የድረ ገጽ በር እንኳ ይዘጋል? ኩርፍተኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም።"

ባንተአምላክ ስልኩን መለሰለትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የዚያች እናት እጅ የተሰበረው እሱ ባስዘጋው በር ምክንያት መሆኑን ልቡ ነግሮታል። ሆኖም ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ በሽታ አይደለም። "ምን ፈልጎ ነው የጻፈው?" እያለ ሞጣ ገባ።

የአምላኩ ሱቅ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አምላኩ ባንተአምላክ ከባየ ጋር ሲገባ ሲያይ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

"ጋሼ! በየት ጠፍተው ከረሙ?"

"ስሜን ለምን ጻፍከው? ምን ልታገኝበት ነው?"

አምላኩ ግራ ገብቶት ሳቀ። "ቶርኖ የለኝማ! ሰው ተሰብሮበት ሲጠይቀኝ ዝም ልበለው? እርስዎ ጋ ፐርኖውን ካሠራ ለቺንጋው እኔ ጋ ይመጣል።"

"ከፍለህ አይደለም አንደኛ የወጣኸው?"

"ለማን ነው የምከፍለው? ደንበኛ አንድ ነገር በጠየቀኝ ቁጥር ጥያቄውን ራሱ ባለው ቃል እጽፈዋለሁ፤ መልሱን ከሥሩ። መጀመሪያ ማንም አላየውም ነበር፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። እያደር ነው የመጣው።"

"ቶርኖዬን ልትገዛ ሰው የላክኸውስ?"

የአምላኩ ሳቅ ቀጥ አለ። "ቶርኖውን ሊሸጡት ነው?" ባየን አየ፤ በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ብረት አየ። "ታዲያ እነዚህን ሰዎች ከእንግዲህ ወዴት ልላካቸው?"

ባንተአምላክ እንደ ልማዱ ፊቱ ላይ ውሸት ፈለገ። ቢያገኝ ምንኛ ባረፈ! አጣ። ጎንበስ ብሎ ፐርኖውን ከባየ እጅ ተቀበለና ትከሻው ላይ አደረገው።

"ና፣ እንመለስ" አለው። "ኩርፍተኛው ሰውዬ እኔ ነኝ።"

ፐርኖው በማግስቱ ተቀርጾ ወደ የጁቤ ሄደ። ባንተአምላክ እፀገነትን ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም "እሺ፤ አሁን ግን የምጽፈው እኔ ነኝ" አለች። ያን ሁሉ "ከአገር አንደኛ" ደመሰሰችው። በምትኩ የሚሠራውን ሥራ ባለወፍጮዎች በሚጠሩበት ስም ጻፈች። ስልኩን፣ ሰፈሩን፣ የሚከፍትበትን ሰዓት አስገባች። ፎቶዎቹን ኔትወርክ በሚደክምበት አገርም እንዲከፈቱ አሳነሰቻቸው። የዘጋችውንም መንገድ ከፈተች።

"መቼ አንደኛ እወጣለሁ?" አላት።

"ቶሎ አይሆንም። 'በሳምንት አንደኛ አወጣዎታለሁ' የሚል ሰው ከመጣ፣ ያኔ ይጠራጠሩ።"

ክረምቱ እስኪያልፍ ገጹ አንደኛ አልወጣም። ነገር ግን ባንተአምላክ የማያውቃቸው ሰዎች መደወል ጀመሩ፤ ከየጥኖራ እንኳ ብረት ተሸክመው የመጡ አሉ። ቶርኖውን አልሸጠም። ገዢው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ባንተአምላክም አልጠየቀም።

ወገኖቼ፣ ሙያችሁን ደብቃችሁ ሰው አላገኘኝም አትበሉ። ያላችሁን በግልጽ ጻፉ፤ የሌላችሁን የለኝም በሉ፤ ያለውንም ሰው ጠቁሙ። ፈላጊው የሚያምናችሁ በዚህ ነው። ምቀኛ ነው ያላችሁት ሰው ምናልባት ደንበኛ ሲልክላችሁ ከርሞ ይሆናል።

ያኔ እፀገነት ገጹን እንደ አዲስ ጽፋ ልትጨርስ ስትል ባንተአምላክ አስቁሟት ነበር።

"ቺንጋና ኩሽኔታ ለሚፈልግ፣ የአምላኩን አድራሻ አስገቢ።"

"ምን ብዬ? 'ተማሪዬ' ልበል?"



"አይ፣ 'ሞጣ ያለው ባልደረባዬ' በይ።"